ስለ እትዬ ይብራራልን ማረፍ ከአድማጮች ወንበር የተሰጠ ቃል

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን

ይህን መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ይሆንልኛል ብዬ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እንዲህ ያለ ነገርም ጽፌ አላውቅም። የወንበሩ አባላት «አንቺ ጻፊው» ስላሉኝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች «እኛ» የሚለው የሁላችን ቃል ነው። «እኔ» ያልኩበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ያለው ጉድለት የእኔ ብቻ ተደርጎ ይያዝልኝ።

የምርምር ፈንዱ የአድማጮች ወንበር መሥራችና ሰብሳቢ የነበሩት፣ ሁላችንም እትዬ ይብራራልን እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ሰው፣ ሕመም አድሮባቸው በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዐርፈዋል። ቀብራቸው ትናንት ተፈጽሟል። እኛ አባላቱ በእጅጉ አዝነናል። ሐዘናችንን ለፈንዱ ሠራተኞች፣ ከፈንዱ ገንዘብ እየተመደበላቸው ለሚሠሩ ተመራማሪዎችና ግብሩን ለሚከፍለው ሕዝብ በሙሉ እናሳውቃለን።

ወንበሩን የማያውቅ ሰው ሊኖር ስለሚችል በአጭሩ እናስረዳለን። መንግሥት በየዓመቱ ከሕዝብ ግብር ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ ይመድባል። ገንዘቡን ለየምርምሩ የሚያከፋፍለው ፈንዱ ነው። አንድ ተመራማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ በመጀመሪያ ጥያቄውን ባለሙያዎች ይመረምሩታል። ከዚያ በኋላ ተመራማሪው ራሱ ወደ ምድር ቤቷ ክፍል ወርዶ፣ ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ለእኛ ይነግረናል። እኛ ሳይንቲስቶች አይደለንም። ምክትል ሰብሳቢያችን ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ አሉ፤ እሳቸውን እማማ እንላቸዋለን። እኔ አክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ የምተክልና ጠርዝ የማጥፍ ልጅ ነኝ። በየዓመቱ የሚቀያየሩ ሌሎች አባላትም አሉ። የምንቀመጠው ከአንድ የተዘጋ ክሊኒክ በመጣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። ስማችንን ያገኘነው ከእሱ ነው።

በእያንዳንዳችን ፊት አንድ ካርድ አለ። አንድ ገጹ ነጭ፣ ሌላው ብርቱካናማ ነው። ተመራማሪው የተናገረው ያልገባው ሰው ካርዱን ይገለብጣል። ብርቱካናማ ካርድ ከታየ ተናጋሪው ማቆምና በሌላ ቃል እንደገና መናገር አለበት፤ መቆጣትም «ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ» ማለትም አይፈቀድም። ደንቡን ያወጡት እትዬ ናቸው። ወንበሩ ራሱ የሚያወጣው ጽሑፍም በዚሁ ደንብ ያልፋል። ካርድ የተገለበጠበት ጽሑፍ አይወጣም።

መግለጫው በእኔ እጅ የወደቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የፈንዱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ትናንት ከቀብር መልስ የተዘጋጀ ረቂቅ ልኮልን ነበር። ስላሰቡልን እናመሰግናለን። ረቂቁን ጋሼ ቆመው አነበቡልን። «በተለያዩ የኃላፊነት እርከኖች ላይ በመመደብ ላበረከቱት ዘርፈ ብዙና ጉልህ አስተዋጽኦ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እማማ ካርዳቸውን ገለበጡ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩና «ምነው እማማ? ሟች ማመስገን ነውር ሆነ?» አሉ።

«ማመስገኑንስ አልጠላሁም። ማን እንደሞተ ነው ያልገባኝ።»

«እሳቸው ናቸዋ!»

«እሳቸውን እርከን ላይ አይቻቸው አላውቅም። እኔ የማውቃቸው እዚህ፣ አጠገቤ፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው።»

ጋሼ ረቂቁን ለራሳቸው ደግመው አነበቡት። ከዚያ የራሳቸውን ካርድ ገለበጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ዝምዬ፣» አሉኝ፤ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፤ «አንቺ ጻፊው። ስለማትናገሪ ያልወጣ ቃል ተርፎሻል።»

እትዬ ይህን ስም ያገኙት ከአፋቸው ከማይለየው ቃል ነው። ተመራማሪው ሚኒስትር ያህል ሰው ቢሆን፣ ንግግሩ ከጠጠረባቸው ጣታቸውን ያነሡና «ይብራራልን» ይላሉ። በክፍላችን ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ትናንት እንደነገሩን ሐኪሙ የሕመማቸውን ስም በረጅም ቃል ሲነግራቸውም እዚያው አልጋው ላይ ሆነው ጣታቸውን አነሡ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ምን እንደያዛቸውና ምን ያህል ጊዜ እንደቀራቸው ሰው በሚገባው ቃል ነገራቸው። እትዬም አመስግነውት «አሁን ገባኝ። አሁን ማዘን ይቻላል» አሉ።

የሥራ ዘመናቸውን ከዚህ በታች በየጊዜው ከፍለን እናቀርባለን።

ፈንዱ ከመቋቋሙ በፊት እትዬ የእህል በሽታ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ነበሩ። የሚያጠኑት የስንዴ ዋግን ነበር፤ ቅጠሉን እንደ ዛገ ብረት የሚያደርገውን በሽታ። በሦስተኛው ዓመት የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡ አልታደሰም። መጀመሪያ ረዳቶቻቸው ተሰናበቱ፤ ቀጥሎ ናሙናው የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ ከመብራት ተነቀለ። እሳቸው ይህን ሲያነሡ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። «ዋግ የበጀት ዓመት አያውቅም» ብቻ ይሉና ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋሉ።

ፈንዱ በተቋቋመበት ዓመት የጥያቄ መርማሪ ባለሙያ ሆነው ገቡ። ሲመረምሩ ጥብቅ ነበሩ። የሚያውቁትን ሰው ጥያቄ አይመረምሩም፤ ምሳ የጋበዛቸውን ሰው ጥያቄም ለሌላ ያስተላልፋሉ። በዚህ የተነሣ ለብዙ ዓመታት ምሳ የሚጋብዛቸው አልነበረም።

ፈንዱ በተቋቋመ በሦስተኛው ዓመት ወንበሩን መሠረቱ። ምክንያቱ ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ቀን እትዬ ከሥራ ገብተው «ዛሬ ትልቅ ነገር አጸደቅን» አሉ። ሰዓት ሠሪው «ምን?» ብለው ጠየቁ። እትዬ መለሱ። ሰዓት ሠሪው እንደገና «ምን?» አሉ። እትዬ አሁንም መለሱ። በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አውርደው «እኔ ሰዓትሽን ስሠራ ምኑ እንደተበላሸ እነግርሻለሁ። አንቺ የእኔን ግብር ምን እንዳደረግሽው ልትነግሪኝ አልቻልሽም» አሉ። እትዬ ነገሩን ለአለቆቻቸው እንዳለ አቀረቡት። ሳቁባቸው። በዓመቱ ግን ምድር ቤቷ ተፈቀደችላቸው፤ ያኔ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ማስቀመጫ ነበረች። አሁንም ግማሿ እንደዚያው ናት።

በሰባተኛው ዓመት ስለሆነው ነገር ረቂቁ ምንም አይልም። እኛ ግን መጻፍ አለበት ብለናል፤ ምክንያቱም እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩት ነበር። አንድ ወጣት ተመራማሪ፣ ጎተራ ውስጥ ያለ ነቀዝ እህሉን ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ በመሣሪያ መስማት ይቻል እንደሆነ ለማጥናት ገንዘብ ጠየቀ። እትዬ ሳቁ። «ነቀዝ ሲበላ ለመስማት ሰው ግብር ይክፈል?» አሉ። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። በዓመቱ ደብዳቤ ጽፈው አስጠሩትና ወንበሩ በሙሉ በተሰበሰበበት ቆመው «ባለፈው ዓመት የሳቅኩት ስላልገባኝ ነው። ካርዴን መገልበጥ ሲገባኝ ጥርሴን ገለጥኩ። ይቅርታ» አሉት። ጥናቱ ተፈቀደ። እውነቱን ለመናገር ውጤቱ እንደታሰበው አልሆነም፤ መሣሪያው የነቀዙንና የአይጡን ድምፅ መለየት አቃተው። እትዬ ግን በመፈቀዱ አንድ ቀንም አልተጸጸቱም። «እንደማይሠራ ማወቅም ተገዝቶ የሚገኝ ዕውቀት ነው፤ ደረሰኙ ይኸው» ይሉ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት የፈንዱ ገንዘብ በግማሽ ተቀነሰ። የሚዘጉት ምርምሮች ስም በደብዳቤ እንዲላክ ተወሰነ። እትዬ አልተስማሙም። «ክፉ ወሬ በፖስታ አይላክም» አሉና እየዞሩ በየቤተ ሙከራው ራሳቸው ነገሩ። የሰደቧቸው አሉ። አንድ ሽማግሌ ኬሚስት በር ዘግተውባቸው እትዬ ውጭ ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሩ እስኪከፈት ጠበቁ። ሲከፈትም የተናገሩት ያንኑ ክፉ ወሬ ነበር። ሽማግሌው ዛሬም ድረስ «በክብር የዘጋችኝ እሷ ናት» ይላሉ፤ ትናንት ከሬሳው ኋላ በምርኩዛቸው ሲሄዱ አይተናቸዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔን ወደ ወንበሩ አመጡኝ። ቀሚስ ሊያሳጥሩ አክስቴ ዘንድ መጥተው ነበር። ስለ አንድ መድኃኒት ጥናት ለአክስቴ ሲያወሩ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ መርፌዬን አቆምኩ። «ምኑ ነው ያልገባሽ?» አሉኝ። አልመለስኩም፤ አፌ እሺ አይለኝም። «ግድ የለም፣ የት ላይ እንዳቆምሽ አይቻለሁ» አሉና ከዚያው ቃል ጀምረው እንደገና ነገሩኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሩ ላይ ነኝ። እስካሁን በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ካርድ ብቻ ነው የምገለብጠው። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮፌሰር «ይህች ልጅ ለምን አትናገርም?» ብለው ሲጠይቁ እትዬ «እሷ ካርዷን ስትገለብጥ እርስዎ ሁለት ጊዜ ይናገራሉ። ከዚህ በላይ ምን ትናገር?» አሏቸው።

የመጨረሻ ሥራቸው የጉድጓዶቹ ጉዳይ ነው። ይህ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንጽፈዋለን።

በአገሩ ልዩ ልዩ ቦታ የሚገኙ ጉድጓዶች አሉ። በየዓመቱ በዚያው ወር ለካኞች ይሄዱና ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር ወደ ውስጥ ለቅቀው ውኃው ምን ያህል እንደራቀ ይመዘግባሉ። ሌላ ሥራ የለውም። ጥናቱን የሚመሩት ሰው የጉድጓዱ ዶክተር ይባላሉ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከመሬት በታች ያለው ውኃ እየቀነሰ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ዝናብ የበዛበት ዓመት ውኃውን ከፍ ያደርገዋል፤ ፓምፕ የበዛበት ዝቅ ያደርገዋል። የትኛው እያሸነፈ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት መለካት ያስፈልጋል።

ባለፈው ወር ይህ ጥናት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው ወደ እኛ መጣ። እትዬ ታመው ነበር፤ ግን ጋቢ ተከናንበው መጡ። ይዘጋ ያለው የፈንዱ የበጀት ክፍል ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዘንድሮ ገንዘቡ ስላነሰ ከሆነ ቦታ መቁረጥ አለበት። «በየዓመቱ እንሰጣለን፤ በየዓመቱ መልሱ ‹ገና ነው› ነው። ሕዝቡ ‹ገና ነው›ን አይጠጣም» አለ።

እማማ ተራቸውን እንኳ አልጠበቁም። «ልጄ፣ እኔ ስንቷን እርጉዝ አይቻለሁ። በሦስተኛ ወሯ መዝኛት ‹ልጁ የታለ? በይ ሂጂ› ብያት አላውቅም» አሉ።

የበጀት ክፍሉ ሰው ራሱ ሳቀ። «እርግዝናስ ዘጠኝ ወር ነው እማማ፤ የእሳቸው መቼ ነው የሚወለደው?»

ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ ዶክተር ዞርን። ዶክተሩ ስለ ተከታታይ የጊዜ መረጃና ስለ አዝማሚያ ተናገሩ። እኔ ካርዴን ገለበጥኩ። በሌላ ቃል ተናገሩ። አሁንም ሳልመልሰው ቆየሁ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ጉድጓዱን ዛሬ ብቻ ካየሁት ጥልቀቱን አውቃለሁ። ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግን አላውቅም። መለካቱን ካቋረጥን ደግሞ፣ በኋላ ተመልሰን ስንመጣ ቀስ እያለ ይውረድ ወይ ባንድ ዓመት ይውረድ የሚነግረን የለም» አሉ። ካርዴን መለስኩት። እትዬም «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የምንሰማው ስለሚወስደው ውኃ ነው። የሚሄደውም ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚሄደው» አሉ። የወንበሩ አስተያየት «ይቀጥል» የሚል ሆነ።

ይሁን እንጂ የመጨረሻው ውሳኔ የእኛ አይደለም። ውሳኔው የሚሰጠው ነገ ላይኛው ፎቅ በትልቁ አዳራሽ፣ በፈንዱ ጉባኤ ነው። እዚያ ካርድ የለም። የወንበሩ አስተያየት በጽሑፍ አይታይም፤ ጉዳዩን ካዳመጡት አባላት አንዱ ቆሞ በአፉ መናገር አለበት። ይህንንም ያወጡት እትዬ ናቸው፤ ወረቀት ሳይነበብ ሊያልፍ ይችላል፣ የቆመ ሰው ግን ሳይታይ አያልፍም ብለው ነው። ማንም ካልተናገረ መዝገቡ ላይ «አድማጮች አስተያየት የላቸውም» ተብሎ ይጻፍና የበጀት ክፍሉ ሐሳብ ይጸድቃል። የበጀት ክፍሉ ሐሳብ ጥናቱ ይዘጋ የሚል ነው። እስከ ዛሬ የሚናገሩት እትዬ ነበሩ።

ትናንት ከቀብር በኋላ ሁላችንም ሐዘን ቤት ተቀምጠን ነበር። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባና ያንኑ ይላል። በድንገት ጋሼ ፊታቸውን በኮታቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎን እማማ ጀርባቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ጋሼ ግን እየሳቁ ነበር። ሰዓት ሠሪው አዩዋቸው።

«ይቅር በሉኝ፣» አሉ ጋሼ፤ «የአባቴ ሐዘን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እትዬ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ለቀስተኛው ‹እግዜር ያጥናችሁ› ባለ ቁጥር በጆሮዬ ‹ሰማህ? እሱ እንኳ ያለ በጀት ነው የሚያጠናው› ይሉኛል። በአባቴ ሐዘን አስቀው ገደሉኝ።»

ሰዓት ሠሪው «እኔንም በእናቴ ሐዘን እንደዚሁ አድርጋኛለች» አሉና እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባቸው። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ይህን እዚህ የጻፍነው ለቀልድ አይደለም። ዛሬ የፈንዱ ጸሐፊ እስከዚህ የጻፍኩትን ስትተይብ «ያጥናችሁ» ያልኩትን በትክክለኛው ፊደል «ያጽናችሁ» ብላ አርማልኝ ነበር። ፊደሉ ልክ ነው። አባላቱ ግን እንዳለ ይመለስ አሉ። እማማ «ማጽናቱንም ማጥናቱንም አንድ ላይ ነው የምንፈልገው» ብለዋል።

የጉድጓዱ ዶክተርም መጥተው ነበር። በር አጠገብ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ራስ ጥናት በጉባኤው መናገር ስለማይፈቀድ ነገም አይናገሩም። ሲወጡ እማማ ኮሪደሩ ላይ ይዘዋቸው «ነገ ቢዘጋ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። «ለካኞቹ ይበተናሉ። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ቢገኝም የዘንድሮው ልክ አይኖርም። ያለፈ ዓመት ተመልሶ አይለካም» አሉና ጫማቸውን ፈልገው ሄዱ።

ከዚያ ጋሼ፣ እማማና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ያን ቀን ጉዳዩን ካዳመጡት አባላት ውስጥ አሁን ያለነው እኛ ብቻ ነን፤ ሌሎቹ ዓመታቸው አልቆ ተቀይረዋል።

«ነገ ምን ይሻላል?» አሉ እማማ። «እኔ እንዳልናገር የተወለድኩበት መንደር ጉድጓድ ከሚለኩት አንዱ ነው። ‹ለራሷ ውኃ ነው የምትጮኸው› ይሉኛል፤ ደንቡም አይፈቅድልኝ።»

ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። «ነገ ዝም እንበል። ጥቁር ለብሰን ገብተን፣ አንድ ደቂቃ ቆመን፣ እንቀመጥ። እሱም ክብር ነው።»

«ዝምታችንን ‹አስተያየት የላቸውም› ብለው ነው የሚጽፉት።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና አልችልማ! መቃብሩ ላይ አንድ ቃል ልናገር ብዬ ምን እንደሆንኩ አላዩም? ስማቸውን ስጠራ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እኔ ቀን ሙሉ ከመስታወት ጋር የምለፈልፍ ሰው! ነገ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባዬ ቢቀድመኝ፣ ለእሳቸውም ለጉድጓዱም አልሆን።»

እማማ ኮታቸውን አስተካከሉላቸው። ከሁለቱ አንዳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም። ይህን ያደረጉት እኔን እንዳያስጨንቁ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አመሰግናቸዋለሁ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ምድር ቤቷ ውስጥ፣ ከወረቀት ካርቶኖቹ አጠገብ ነው። ጠዋት አክስቴ ዘንድ አንዲት እናት ልጇን ለዩኒፎርም አመጣችው። በየዓመቱ እኛ ጋ ነው የሚሰፋለት። አክስቴ ለካችውና «ያለፈውን ዓመት ልኩን ንገሪኝ፣ የካቻምናውንም» አለችኝ። ነገርኳት። ልጁ በምን ያህል እያደገ እንደሆነ አይታ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ወሰነች። አዲስ ደንበኛ ልጅ ሲመጣ ግን የቀድሞ ልኩ የለንም፤ በግምት ነው የምናጥፈው። አንዳንዱ ዓመቱ ሳያልቅ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀራል፤ ያኔ የምንለቅለት ጨርቅ የለም። ቁልፍ እየተከልኩ ይህን ሳስብ የጉድጓዱ ነገር ከባለፈው ወር ይልቅ ገባኝ። ዶክተሩ የሚጠይቁት ገንዘብ የቀድሞ ልኮቹ እንዳይቋረጡ ነው። ሕዝቡ ስንት ጉድጓድ እንደሚቆፍርና ስንት ፓምፕ እንደሚተክል ሲወስን፣ ለነገ ምን ያህል ትርፍ እንደሚተው በግምት እንዳያደርገው ነው።

በመጨረሻም ለእትዬ ባለቤት፣ ለሴት ልጃቸውና ለእህታቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ የፈንዱ ባልደረቦች፣ እሺ ላሏቸውም እምቢ ላሏቸውም ተመራማሪዎች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እግዜር ሁላችንንም ያጥናን። ወንበሩ ላይ የነበራቸው ቦታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማንም ሳይቀመጥበት ይቆያል፤ ይህን የወሰነው ጉባኤ አይደለም፣ እኛ ነን።

አንድ ነገር ይቀራል። ይህን ለጋሼና ለእማማ በአፌ ልነግራቸው ስላልቻልኩ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ከመውጣቱ በፊት ስለሚያነቡት ይደርሳቸዋል። ነገ ጠዋት ወደ ላይኛው ፎቅ እወጣለሁ። ከፊት ረድፍ እቀመጣለሁ፤ ከኋላ ከሆንኩ እንደማልነሣ ራሴን አውቀዋለሁ። የጉድጓዶቹ ተራ ደርሶ ሊቀመንበሩ ወንበሩ አስተያየት እንዳለው ሲጠይቁ እቆማለሁ። ስለ ልጁ ዩኒፎርም እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ መለካቱ ይቀጥል እላለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ መጀመሪያ ስናገር ከኋላ ያሉት ላይሰሙኝ ይችላሉ። ካልሰሙኝ አልቀመጥም፣ እደግመዋለሁ።